የቢላዋ አሠራር ቃላት በጣና ዳርቻ

የሙያ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች በየጊዜው ከሚያነሧቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ለአንድ የውጭ ስያሜ አቻ ቃል ሲታጣ ከግዕዝ ይፈጠር ወይስ ቃሉ እንዳለ ይወረስ የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቦታው ቀድሞ ይነሣል። አቻ ቃል ጠፋ ከማለታችን በፊት ዕቃውን በእጁ የሚሠራው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቀናል ወይ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ነጥብ በአንድ ትንሽ ዕቃ ማስረዳት ሲሆን፣ ዕቃውም ስለቱ ከብረት፣ እጀታው ከቀንድ ወይም ከእንጨት፣ ሰገባው ከቆዳ በእጅ የሚሠራው አነስተኛ ቢላዋ ነው።

ለምሳሌነት የተመረጠው አካባቢ ባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አልተደረገም። በሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበልተው፣ ለታንኳ የሚሆነውን ደንገል የሚቆርጠው፣ ከሐይቁ ራቅ ብሎም ከብት አርዶ ቆዳ የሚገፈው ሰው ሁሉ ስለት ያለው መሣሪያ ከእጁ አይለይም። በሌላ በኩል በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ርዳታ በባሕር ዳር የተከፈተው የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት የብረታ ብረትንና የእንጨት ሥራን በዘመናዊ መንገድ ሲያስተምር ቆይቶ፣ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆኗል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት የብረት ሥራ ቋንቋዎች ጐን ለጐን ኖረዋል ማለት ነው፤ አንደኛው በመማሪያ ክፍል፣ ሁለተኛው በወናፍ አጠገብ። ተርጓሚው የለመደው የመጀመሪያውን ነው። አንባቢው የሚኖረው ግን ከሁለተኛው ጋር ነው።

ስለ ዕቃው ስም

በእንግሊዝኛ የተጻፈ የቢላዋ አሠራር መመሪያ ሲተረጐም መሰናክሉ ገና ከርእሱ ይጀምራል። እንግሊዝኛው «ፊክስድ ብሌድ» የሚለውን ቅጽል ከቢላዋ ስም ፊት ያስቀምጣል። ተርጓሚውም ቃል በቃል ሄዶ «ቋሚ ስለት ያለው ቢላዋ» ይላል። ይህን ያነበበ የቢላዋ ባለቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ቋሚ ያልሆነ ስለት ደግሞ ምን ዐይነት ነው ብሎ ነው። እንግሊዝኛ ቅጽሉን የሚፈልገው የሚታጠፈውንም የማይታጠፈውንም በአንድ ስም ስለሚጠራ ነው። አማርኛ ግን ሥራውን አስቀድሞ ጨርሶታል። ስለቱ ተጠቅልሎ ወደ እጀታው የሚገባው ሰንጢ ይባላል፤ ቢላዋ ያለ ምንም ተቀጽላ የማይታጠፈው ነው። ቋንቋው ምልክት ያደረገው በታጣፊው ላይ ሲሆን፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን እንደ ተራ ነገር ትቶታል። ስለሆነም የርእሱ ትርጉም «ቢላዋ» ነው፤ ሌላ ነገር አይጨመርበትም። ሁለቱ ዐይነቶች በአንድ አንቀጽ ውስጥ የሚነጻጸሩበት ቦታ ሲመጣ ብቻ አንድ ጊዜ «የማይታጠፍ» ብሎ ማለፍ ይቻላል።

«ትንሽ» የሚለውም ቅጽል ቢሆን ሁልጊዜ በቃል መገለጽ የለበትም። አማርኛ ዕቃን ሲያሳንስ በአንስታይ ጾታ እንደሚጠቀም የታወቀ ነው። «ይህች ቢላዋ» ያለ ሰው ስለ መጠኗ ሌላ ቃል ሳይጨምር ትንሽነቷን ነግሮናል። ፊደል እየቈጠረ «ትንሽ» ን ከገጽ ገጽ የሚደጋግም ትርጉም፣ ይህን የቋንቋውን ጸጋ ሳይነካው ያልፋል። «ከስተም» የሚለውም እንዲሁ «በትእዛዝ የተሠራ» ከተባለ በቂ ነው፤ ገበያ ወጥቶ ያዘዘ ሁሉ ይገባዋል።

የቢላዋ ዘመዶች ብዙ ናቸው። ካራ በአማርኛ ትልቁን፣ በተለይም ለዕርድና ለሥጋ የሚሆነውን ያመለክታል፤ በትግርኛ ግን ካራ ማንኛውም ቢላዋ ነው። ጩቤ የሚወጋው ነው። ጐራዴና ሰይፍ የጦር መሣሪያዎች ስለ ሆኑ እዚህ አያስፈልጉንም። ቢላዋ የሚለው ቃል ራሱ በሶማልኛና በኦሮምኛም ዘመዶች ያሉት ሲሆን፣ በሶማልኛ ቢላዌ የሚታጠቁት ጩቤ ነው። በግዕዝ ደግሞ መጥባሕት እናገኛለን። ቃሉ ጠብሐ ማለትም ዐረደ ከሚለው ግሥ የወጣ የመሣሪያ ስም በመሆኑ ጥሬ ፍቺው ማረጃ ነው፤ ለቢላዋም ለሰይፍም ያገለግላል። በአብርሃምና በይስሐቅ ታሪክ ላይ የምናገኘው የግዕዙ መጥባሕት፣ በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቢላዋ ሆኗል። ይህ ምርጫ ትክክለኛ ነበር። አንዳንድ ሰዎች ቢላዋ የሚለው ቃል ለሙያ ጽሑፍ አይከብድም በሚል መጥባሕትን እንደ ገና ለማንሣት ሲሞክሩ መታየታቸው ግን የሚያስገርም ነው። ለወጥ ቤት የሚበቃ ቃል ለሳይንስ አይበቃም የሚል ሕግ የለም።

ስለ ስለት

ከዚህ ሁሉ ይልቅ መዝገበ ቃላት አዘጋጁን ሊያሳስበው የሚገባው ስለት የሚለው ቃል ነው። ስለት ሳለ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በዛሬው አማርኛ ግን ሳለ ተብሎ የሚነገረው አንድ ግሥ አይደለም። ቢላዋውን ሳለ፤ ታሞ ሳለ፤ መልክ ሣለ፤ በተገብሮው መልክ ደግሞ ለታቦት ተሳለ እንላለን። ምንጫቸውን ወደ ግዕዝ ተከትለን ብንሄድ አራት የተለያዩ ግሦች ናቸው። ለማሾል ሰሐለ፣ ለጕንፋኑ ሰዐለ፣ ለሥዕሉ ሠዐለ፣ ለልመናው ሰአለ። አማርኛ የጕሮሮ ድምፆችን ሲጥል በመካከል ያለው ሐ፣ ዐ እና አ ተራ በተራ ጠፉ፤ የሠ እና የሰ ልዩነትም ከንግግር ወጣ። አራቱ ግሦችም በአንድ ድምፅ ላይ ተገናኙ። ትግርኛ እስከ ዛሬ ስለትን ለማሾል ሰሓለ፣ ለጕንፋኑ ሰዓለ እያለ ስለሚለይ፣ ነገሩን ለተማሪ ለማስረዳት የግዕዝ መጽሐፍ መግለጥ እንኳ አያስፈልግም፤ የትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤት ማነጋገር ይበቃል።

ውጤቱ በስሙ ላይ ይበልጥ ይታያል። ስለት ማለት የቢላዋ አፍ ነው፤ ስለት ማለት ለእግዚአብሔር ወይም ለቅዱስ የሚገባ ቃል ኪዳንም ነው። የጣና ደሴቶች የገዳማት ስፍራ በመሆናቸው ሁለቱ ስለቶች በአንድ ጀልባ ተሳፍረው ሲሄዱ ማየት አያስደንቅም። ለስለት የመጣ በግ በስለት ይታረዳልና። ጸሓፊው ሁለተኛውን «ስእለት» ብሎ ቢጽፈው ግራ መጋባቱ ይቀንሳል። እኔም ይህን አጻጻፍ እደግፋለሁ፤ የምደግፈው ግን ለሥርወ ቃሉ ክብር ስል ብቻ ሳይሆን አንባቢው በመጀመሪያ ዕይታ እንዲለየው ነው። መዝገበ ቃላቱ ግን አጻጻፉ ቢመሳሰልም ባይመሳሰልም ለእያንዳንዱ ራሱን የቻለ መግቢያ መስጠት አለበት። አንዱን የሌላው ዘይቤያዊ ፍቺ አድርጎ ከሥሩ ማስቀመጥ፣ ቃል ኪዳን ከሹል ነገር የወጣ ነው የሚል ተረት ለአንባቢ እንደ መንገር ነው።

የስለት ተቃራኒ የሆኑትም ቃላት ልብ ሊባሉ ይገባል። ስል ያልሆነ ቢላዋ ዱልዱም ነው። ስል የነበረና አሁን መቍረጥ የተወው ደግሞ ደነዘ ይባላል። የመጀመሪያው ሁኔታን፣ ሁለተኛው ለውጥን ይገልጻል። የመመሪያ መጽሐፍ ተርጓሚ ይህን ልዩነት በሚገባ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ገና ያልተሳለ ቢላዋና ሥራ ያደከመው ቢላዋ የሚፈልጉት እንክብካቤ አንድ አይደለምና።

ስለ ክፍሎቹ

አማርኛ የዕቃን ክፍሎች የሚሰይመው በአብዛኛው ከሰው ገላ እየተበደረ ነው። ማሰሮ አፍና ሆድ አለው፤ ጀበና አንገትና ጆሮ አለው፤ መጋዝ ጥርስ አለው፤ የጠመንጃው ጫፍ አፈ ሙዝ ነው። ቢላዋም ከዚህ ሥርዐት አይወጣም። የሚቈርጠው በኩል አፍ፣ ተቃራኒው ወፍራም በኩል ጀርባ፣ ሰፊው ገጽ ጎን፣ መጨረሻው ጫፍ ይባላል። የሚቈርጠውን በኩል አፍ ብሎ መጥራት ለአማርኛ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ በዕብራይስጥም በግዕዝም ሰይፍ አፍ አለው። አፍ እና ስለት በቢላዋ ላይ ሲነገሩ ግን ፍጹም አንድ አለመሆናቸውን አንርሳ። አፍ ቦታውን ይናገራል፤ ስለት ደግሞ ቦታውንም የቦታውንም ብርታት ያመለክታል። የደነዘ ቢላዋ አፍ አለው፤ ስለት ግን የለውም ማለት ይቻላል።

ችግሩ የሚመጣው በእጀታው ውስጥ ተደብቆ በሚቀረው የብረቱ ክፍል ላይ ነው። እንግሊዝኛው «ታንግ» ይለዋል። በትርጉም ረቂቆች ላይ «የስለቱ ቅጥያ»፣ «የእጀታ ማስገቢያ»፣ አልፎ አልፎም ያለ ኀፍረት «ታንግ» ተብሎ ይገኛል። ለዚህ ክፍል ሥር የሚለውን ቃል አቀርባለሁ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥርስም ዛፍም ሥር አላቸው፤ በሁለቱም ላይ ሥር ማለት የማይታየውና የሚታየውን የሚይዘው ክፍል ነው። በቢላዋ ላይ ያለው ሁኔታ ልክ ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ ቃሉ ከላይ ከተጠቀሰው የገላና የተፈጥሮ ስያሜ ሥርዐት ጋር ይስማማል። ሥሩ ከስለቱ ጋር የሚገናኝበትን ቀጭን ቦታ ደግሞ አንገት ማለት ይቻላል፤ ቢላዋ የሚሰበረውም አዘውትሮ እዚያ ነው። እነዚህ ሁለቱ የቀረቡት ለውይይት ነው። በአንድ አካባቢ ያሉ ቀጥቃጮች ሌላ ስም ካላቸው የእነሱ ስም ከእኔ ሐሳብ ይቀድማል።

ስለ ብረቱና ስለ እሳቱ

በአማርኛ ብረት ሁሉ አንድ አይደለም። ጠንካራውና ስለት የሚይዘው ዐረብ ብረት ይባላል። ስያሜው ጥሩው ብረት በአንድ ወቅት ከባሕር ማዶ በዐረብ ነጋዴዎች እጅ ይመጣ እንደ ነበር የሚያመለክት ይመስላል። ቃሉ በሕዝብ አፍ የተፈተነ፣ ፍቺውም የተወሰነ በመሆኑ ለዘመናዊው ኢንዱስትሪ ያለ ችግር አልፏል። ስያሜ ፈጣሪ ኮሚቴ ሳይሰበሰብ የተገኘ ጥሩ ስያሜ ማለት ይህ ነው።

ዛሬ በአገራችን ቀጥቃጮች እጅ ዐረብ ብረት የሚገኘው በአብዛኛው ከአሮጌ መኪና ነው። የጭነት መኪና ባሌስትራ ለቢላዋና ለማጭድ የተመረጠ ነው፤ የመቶኛ ግማሽ ወይም ትንሽ የሚበልጥ ካርቦን ስላለው ሲነከር ይጠነክራል። ባሌስትራ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ሞላ፣ ላሜራ፣ ብሎን፣ ሞርሳና ካቻቢቴም እንዲሁ። እነዚህ ቃላት በጋራዥ በር ገብተው ወደ ቀጥቃጩ ወናፍ ደርሰዋል። የተወሰኑ የቋንቋ ተቈርቋሪዎች እንዲህ ያሉትን ውሰቶች ለመንቀል የሚያደርጉት ጥረት ድካም ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ። ባሌስትራን «ተደራራቢ የብረት ምንጣፍ» ብሎ መተርጐም ማንንም አይጠቅምም።

የቀጥቃጩ ሥራ ቤት ራሱ ግን ውሰት አያስፈልገውም። እሳቱን የሚያናፋው ወናፍ ነው፤ ከፍየል ቆዳ ይሠራል። የሚቃጠለው ከሰል ነው። የጋለውን ብረት የሚይዘው ጕጠት፣ የሚመታው መዶሻ፣ ብረቱ ተጋድሞ የሚመታበትም መስፍ ይባላል። መስፍ ከግዕዙ ሰፍሐ ማለትም አሰፋ፣ ዘረጋ ከሚለው ግሥ ጋር የሚዛመድ ነው። ቃሉ የሥራውን ባሕርይ በትክክል ይናገራል፤ በመስፍ ላይ ብረት ይሰፋል፣ ይዘረጋል። መስፍን የማያውቅ የከተማ አንባቢ ብዙ ነው። ቢሆንም ተርጓሚው «የብረት መቀጥቀጫ ጕንድ» የመሰለ ሐረግ ከሚፈጥር መስፍን ጽፎ አንድ ጊዜ ቢፈታው አንባቢውን ቃል ያተርፈዋል።

አሠራሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ብረቱ ፍም እስኪመስል ይጋላል፤ እንደ ጋለም ይቀጠቀጣል። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» የሚለው አባባል የእነዚህን ሁለት ግሦች ቅደም ተከተል ሥራውን አይቶ ለማያውቅ ሰው ሁሉ አስተምሯል። ስለቱ ወደ አፉ በኩል እየሳሳ፣ ወደ ጀርባው እንደ ወፈረ ይቀራል። ሥሩ ቀጥኖ ይወጣል። ከዚያም በሞረድ ይሞረዳል፤ በሞረድ የተስተካከለውም ለመጨረሻው የእሳት ሥራ ይዘጋጃል።

የቋንቋው ጕድለት በእውነት የሚታየው በዚህ ቦታ ነው። የመጨረሻው የእሳት ሥራ ሁለት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ስለቱ እንደ ገና ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይጋላል፤ በቂ መሆኑን የሚያሳየው አንዱ ምልክት ብረቱ በ770 ዲግሪ ገደማ የማግኔትን መሳብ መተዉ ነው። ከዚያም በድንገት በውሃ ወይም በዘይት ይነከራል። ባሌስትራ በውሃ ሲነከር ሊሰነጠቅ ስለሚችል ዘይት ይሻለዋል። በዚህ ጊዜ ብረቱ እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። በሁለተኛው ደረጃ ወደ 200 ዲግሪ ወይም ከዚያ በጥቂቱ ከፍ ወዳለ ሙቀት ይመለሳል። የጸዳው ገጹ የገለባ ብጫ ሲመስል ይወጣል። ከጥንካሬው ጥቂት ያጣል፤ በምትኩ መሰበርን ይቋቋማል። እንግሊዝኛ ሁለተኛውን «ቴምፐር» ይለዋል። የአማርኛ ተርጓሚ ሁለቱንም «ማጠንከር» ብሎ ማለፍ ይቀናዋል፤ ይህ ደግሞ ከስሕተትም በላይ ነው። መመሪያውን ተከትሎ የሚሠራ ሰው ሁለት ጊዜ እንዲያጠነክር የተነገረው ከሆነ ሁለተኛውን ደረጃ አይደርስበትም፤ ቢላዋውም በመጀመሪያው ዐጥንት ላይ ይሰበራል። የቃሉ ስሕተት የዕቃው ስሕተት የሚሆነው እንዲህ ነው።

ለመጀመሪያው ደረጃ ማጠንከር ይበቃል፤ የአሠራሩ ስምም መንከር ነው። ለሁለተኛው ማለዘብ የሚለውን ቃል አቀርባለሁ። ለዘበ ማለት ጽኑነቱን ሳያጣ ክፉው ተነሣለት፣ ገራ ማለት ነው፤ ለዘብተኛ ሰው ስንልም ደካማ ማለታችን አይደለም። «ማለስለስ» አይሆንም፤ የለሰለሰ ብረት ስለት አይዝምና። ቃሉ ለብረት አዲስ ቢሆንም ለጆሮ አዲስ አይደለም።

ስለ እጀታና ስለ ሰገባ

እጀታ ከእጅ የወጣ መሆኑ ግልጽ ነው። ከዛቢያ ጋር ያለው ልዩነት ግን በመዝገበ ቃላት ሲፈታ ብዙ ጊዜ ይሸፈናል፤ ሁለቱም «መያዣ» ይባላሉ። አሠራራቸው ሲታይ ዛቢያ በአብዛኛው ወደ ብረቱ ዐይን የሚገባ እንጨት ነው፤ የዶማና የመጥረቢያ ነው። እጀታ ደግሞ ብረቱን ወደ ራሱ የሚያስገባ ነው፤ የቢላዋ፣ የማጭድ፣ የሞረድ ነው። የገበሬው እርፍ፣ የጀበናው ጆሮ ሲታከሉበት እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚጠራውን አማርኛ ቢያንስ በአራት ይለየዋል። እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ድሃው ቋንቋ የትኛው እንደ ሆነ ለመወሰን መቸኰል የለብንም።

ለእጀታ ከሚውሉት የተፈጥሮ ዕቃዎች ቀንድና እንጨት ዋናዎቹ ናቸው። የበሬ ቀንድ ወደ ሥሩ ባዶ፣ ወደ ጫፉ ድፍን ነው። ባዶው ክፍል ለዋንጫ፣ ድፍኑ ክፍል ለእጀታ ይሆናል። ቀንድ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ ሊቃና ይችላል። ከእንጨት ወይራ ጠጣር ነው፤ ዋንዛ ለመሥራት ይመቻል። የጋለው ሥር በተበሳው እንጨት ወይም ቀንድ ውስጥ ራሱ እያቃጠለ ቦታውን እንዲያበጅ ይደረጋል። ቀንድ ሲቃጠል የሚወጣውን ሽታ አንድ ጊዜ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። ክፍተቱ በሙጫ ይሞላል። ሙጫ ከዛፍ የሚወጣውን ሁሉ ሲጠራ ቆይቶ ዛሬ በፋብሪካ ለሚሠራው ማጣበቂያም ስም ሆኗል፤ ተርጓሚው የተፈጥሮውን ለመለየት ሲፈልግ «የዛፍ ሙጫ» ማለት ይበቃዋል። አንገቱ ላይ የሚደረገው ብረት ወይም ነሐስ ቀለበት ነው።

ሰገባ እና አፎት ሁለቱም የሰይፍና የቢላዋ ቤት ናቸው። የቆዳው ዘርፍ ግን የአማርኛ ሀብት ጐልቶ የሚታይበት ስለ ሆነ ጥቂት መቆየት ያሻል። ሌጦ የፍየልና የበግ ነው፤ ቍርበት መኝታ የሚሆነው የከብት ነው፤ አጐዛ ጠጕሩ ያልተነሣለት የበግ ነው፤ ጠፍር በቀጭኑ የተቀደደው ማሰሪያ ነው። ሰገባ ለመሥራት ጠፍር ርጥብ እያለ ከተጠመጠመ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ያለ ስፌትም አጥብቆ ይይዛል። እነዚህን ሁሉ «ቆዳ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ አልተሳሳተም፤ ይሁን እንጂ ሠሪው የትኛውን ገዝቶ እንዲመጣ አልነገረውም።

ስለ ቃላቱ ባለቤቶች

እነዚህ ቃላት በመጻሕፍት ውስጥ እምብዛም የማይገኙበት ምክንያት ቋንቋዊ አይደለም፤ ማኅበራዊ ነው። በ1951 ዓ.ም. የታተመው የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላትም፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላትም የታላላቅ ሊቃውንት ሥራዎች ናቸው። አዘጋጆቻቸው ያደጉበት ትምህርት የቤተ ክህነት ነበር። የቅኔ ቤቱንና የገበሬውን ቃል ከቀጥቃጩ ቃል አብልጠው ማወቃቸው የሚጠበቅ ነው። ቀጥቃጩ ደግሞ ከሰው ተለይቶ የሚኖር፣ በቡዳነት የሚጠረጠር፣ ልጁን ለጎረቤቱ መዳር የማይችል ሰው ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ በዐዋጅ መከልከላቸው ስድቡ ምን ያህል የተስፋፋ እንደ ነበር ያሳያል።

የዚህ ሁሉ ምስክር ጠይብ የሚለው ቃል ነው። ጠይብ የግዕዙ ጠቢብ ልጅ ነው። ከዚሁ ሥር ጥበብ፣ ጠበብት፣ ሥነ ጥበብና ኪነ ጥበብ ወጥተዋል፤ የሐበሻ ቀሚስ ጠርዝም ጥበብ ይባላል። ወንድሞቹ ሁሉ ሲከበሩ ጠይብ ብቻ ስድብ ሆነ። የቃሉ ፍቺ የወደቀው ቃሉ ስለ ከፋ አይደለም፤ በቃሉ የተጠራው ሰው ስለ ተዋረደ ነው።

በጣና ሰሜንና በጎንደር ዙሪያ ብረት ቀጥቃጭነትና ሸክላ ሠሪነት በአመዛኙ የቤተ እስራኤል ሙያ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ በሁለተኛው ጊዜ ብቻ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ተጓጕዘዋል። ወናፋቸውን ይዘው አልሄዱም፤ የወናፉን ቃላት ግን ይዘው ሄዱ። በወጣትነታቸው መስፍ አጠገብ የተቀመጡት ሰዎች ዛሬ አረጋውያን ናቸው። ልጆቻቸው ዕብራይስጥ ይናገራሉ፤ የመዶሻውን ሥራም አልወረሱትም። የቃላት ሰብሳቢ ወደ እነርሱ መሄድ ካለበት የሚሄደው አሁን ነው።

ይህ ፍርሃት ያለ ምሳሌ የተነሣ አይደለም፤ ምሳሌው በባሕር ዳር አጠገብ አለ። ነገደ ወይጦ የታንኳ ሠሪዎች፣ ቀድሞም የጉማሬ አዳኞች ናቸው። ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ በአካባቢው ሲያልፍ የራሳቸው የሆነ፣ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፏል፤ አንድ ቃል ግን ሊያስመዘግብ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1907 ስለ እነርሱ የጻፈው ኦይገን ሚትቮኽ ያገኛቸው አማርኛ ሲናገሩ ነው። ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928 የቃላት ዝርዝር ሰበሰበ፤ ማርሴል ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1939 መረመረው። ኮኸን ከዝርዝሩ መካከል ምንጫቸው ያልታወቀ ብሎ የለያቸው ስድስት ቃላት ብቻ ናቸው። ሽልክሪት የዓሣ ቅርፊት፣ ቅንጣት ክንፍ፣ አነሳ ትከሻ፣ እንክየስ የጉማሬ ጭን፣ ዋዝምስ የጉማሬ አከርካሪ፣ ጭግምቢት የወባ ትንኝ። ቅንጣት ከአማርኛው ቅንጣት ጋር በድምፅ ቢገጥምም በፍቺ አይገናኝም።

ዝርዝሩን እንደ ገና እንመልከተው። ከስድስቱ አምስቱ የገላ ክፍሎች ናቸው፤ ቢላዋ የሚነካቸው፣ የሚፍቃቸው፣ የሚለያያቸው ናቸው። የአንድ ሕዝብ ጸሎቱ፣ ተረቱና የቈጠራ ቃሉ ጠፍቶ የቀረው ሥጋ የሚበለትበት ቃል ነው። የሙያ ቃል የሚሞተው ከሙያው ጋር ነው፤ ቋንቋው አስቀድሞ ቢሄድም ሙያው እስካለ ድረስ ይቈያል። ጉማሬ ማደን ከቀረ በኋላ እንክየስንና ዋዝምስን የሚፈልጋቸው ማን ነው?

የመስክ ሥራው ከባድ አይደለም፤ አካሄዱ ግን መለወጥ አለበት። መጠይቅ ይዞ «ይህን በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ውጤት አያመጣም፤ ተጠያቂው የሚመልሰው ጠያቂውን የሚያስደስተውን የከተማ ቃል ነው። ሥራ ቤት ገብቶ፣ ዕቃው በእጅ እያለ፣ ሠሪው ለረዳቱ የሚናገረውን መስማት ይሻላል። «ያዝ»፣ «ገልብጥ»፣ «አንገቱን ጠብቅ» የሚለው ትእዛዝ ከአሥር መጠይቅ ይበልጣል። የተሰበሰበው ቃል ወደ መዝገቡ ሲገባም የተሰማበት ቦታና የተናጋሪው ሙያ አብረው ሊጻፉ ይገባል። ለናሙና ያህል ሁለት መግቢያዎችን አቀርባለሁ።

እጀታ፤ ስም፤ የብረቱ ሥር ወደ ውስጡ የሚገባ የቢላዋ፣ የማጭድ፣ የሞረድ ወይም የጐራዴ መያዣ፤ ከቀንድ፣ ከእንጨት ወይም ከዐጥንት ይሠራል። «የቢላዋው እጀታ ላልቷል።» ከዛቢያ፣ ከእርፍና ከጆሮ ጋር አነጻጽር።

ጠይብ፤ ስም፤ (ከግዕዝ ጠቢብ) 1. ብረት ቀጥቃጭ፣ የእጅ ባለ ሙያ። 2. ስድብ፤ በቡዳነት ለሚጠረጠር ሰው የተሰጠ። በሁለተኛው ፍቺ በመንግሥት ጽሑፍ፣ በመማሪያ መጽሐፍና በትርጉም አይገባም፤ በምትኩ ቀጥቃጭ ይባል።